ነጂብ የሌለባቸው ደቂቃዎች

ወንድሜ ነጂብ መምህር የማይፈራ ልጅ ነው ብዬ አምን ነበር። ዘጠኝ ዓመቴ ነው፤ ስለ እሱ ከማውቀው ሁሉ የምኮራበት ይህን ነበር።

ኅዳር 1999 ነው። በዚያ ወር ጠዋት ጠዋት ከጉና ተራራ በኩል የሚመጣው ብርድ ጣት ያደነዝዛል። እጃችንን ብብታችን ውስጥ ከተን ተሰልፈን የሰንደቅ ዓላማ መዝሙር እንዘምራለን። እኔና ነጂብ ሁለታችንም ሦስተኛ ክፍል ነን። በአንድ ዓመት ከመንፈቅ ይበልጠኛል፤ ሁለተኛ ክፍልን ስለደገመ ነው የደረስኩበት።

መዝሙሩ መሐል ላይ ነጂብ ዝም አለ። ዓይኑ ባንዲራውን አልፎ አንድ ቦታ ላይ ቀረ። ከንፈሩ የሆነ ነገር እንደሚቀምስ ሰው መንቀሳቀስ ጀመረ፤ በቀኝ እጁ የሸሚዙን ቁልፍ ይጎትታል። ከዚያ ከሰልፉ ወጣ። ቀስ ብሎ፣ የሚቸኩልበት ጉዳይ እንደሌለው ሰው፣ በባዶው ሜዳ መሐል ወደ ባንዲራው እንጨት ተራመደ።

"ቁም!" ብሎ ጮኸ የስፖርት መምህራችን።

ነጂብ አልቆመም። መምህሩ ሮጦ ክንዱን ያዘው። ነጂብ ዞር እንኳ ሳይል ገፋው፤ መምህሩ ተንሸራቶ ጭቃው ላይ በቂጡ ተቀመጠ። ስድስት መቶ ተማሪ ሳቀ።

ርእሰ መምህሩ አቶ ዘውዱ አርጩሜ ይዘው መጡ። ነጂብን ፊታችን አቁመው መዳፉን ገረፉት። እሱ መጀመሪያ መዳፉን አየ፣ ቀጥሎ አቶ ዘውዱን አየ፣ "ምን አደረግኩ?" አለ።

ሳቁ እንደገና ፈነዳ። አቶ ዘውዱ ፊታቸው ተለዋወጠ። እኔ ደግሞ ከዚህ በላይ ጀግንነት የለም አልኩ። መምህር ጭቃ ላይ ጥሎ "ምን አደረግኩ?" የሚል ወንድም ማን አለው?

በዚያ ሰሞን አባባ ሱቅ ውስጥ ያለው ረጅም መስታወት ፊት ቆሜ እለማመድ ነበር። አባታችን ሰዒድ ልብስ ሰፊ ነበር፤ ሱቁ ገበያው ዳር ነበር፤ አዲስ ጨርቅና የማሽን ዘይት ይሸታል። ዓይኔን አንድ ቦታ ተክዬ፣ ከንፈሬን እያንቀሳቀስኩ፣ ቁልፌን እየጎተትኩ። እማዬ አሚና አንድ ቀን እንዲህ ስሆን አየችኝ። የያዘችው ሰሃን ከእጇ ወደቀ። አፏን በነጠላዋ ሸፍና ቆመች፤ ከዚያ "ሁለተኛ! ሁለተኛ እንዳላይሽ!" ብላ ጆሮዬን ያዘችኝ። ስለ ሰሃኑ የተቆጣችኝ መስሎኝ ነበር።

አሁን ሃያ ሰባት ዓመቴ ነው። ነጂብ ያኔም አሁንም መምህር የሚፈራ ሰው ነው። የሚጥል በሽታ አለበት። ስሙ እንዲህ ይሁን እንጂ እሱን አይጥለውም ነበር፤ ይወስደውና ከአንድ ከሁለት ደቂቃ በኋላ ይመልሰዋል። በዚያ መሐል አይሰማም፣ ቢመቱት አይገባውም፣ ሰው ከያዘው ለመላቀቅ ይገፋል። ሲመለስ ምንም አያስታውስም። "ምን አደረግኩ?" ሲል እየጠየቀ ነበር።

ያኔ ግን ይህን የሚያውቅ ትምህርት ቤት ውስጥ አልነበረም። አቶ ዘውዱ ክፉ ሰው አልነበሩም። አንድ ክፍል ውስጥ ሰማንያ ልጅ፣ ለአራት ልጅ አንድ መጽሐፍ ያለው ትምህርት ቤት ነው የሚመሩት። ነጂብ ሁለት መስታወት ሰብሯል፣ መምህር ጥሏል፣ ክፍል ጥሎ ይወጣል፣ ሲጠየቅ አያምንም። ለአባባ ሁለት ማስጠንቀቂያ ተጽፎለት ሁለቱንም ፈርሟል። ሦስተኛው መሰናበቻ ነው።

በየካቲት አዲስ የክፍል ኃላፊ መጣችልን። መምህርት ፈንታነሽ ትባላለች፤ የእብናት ልጅ ናት፤ አጭር፣ ቀጭን፣ ሳቅ የማታበዛ። እጇ ላይ ትልቅ የወንድ ሰዓት ታስራለች። በመጣች በሦስተኛው ቀን ነጂብን ከኋላ አንሥታ ፊት ለፊቷ፣ ግድግዳው ጥግ አስቀመጠችው። እዚያ የሚቀመጡት ባለጌዎች ናቸው፤ ስለዚህ ነገሩ ግልጽ ነበር።

ነጂብ "ሲሄድ" (እኔ በልቤ የምለው እንዲህ ነበር፤ ነጂብ ሄደ) መምህርት ፈንታነሽ ጠመኔዋን ታስቀምጥና ሰዓቷን ታያለች።

"ዝም በሉ። ማንም እንዳይነካው" ትላለች።

ድምፅዋ ከፍ አይልም። እሱ እስኪመለስ ቆማ ትጠብቃለች። ከዚያ ጎንበስ ብላ በጆሮው የሆነ ነገር ትለዋለች፣ ጠረጴዛዋ ጋ ትመለሳለች፣ አረንጓዴ ሽፋን ያለው ደብተር ትከፍታለች፣ ትጽፋለች። አንድም ቀን አላለፋትም። ሌሎቹ መምህራን ይቆጣሉ፣ ይመታሉ፣ ይረሳሉ። እሷ አትመታም፤ ትጽፋለች። እኔ ከዚህ የበለጠ ክፉ ሰው አላየሁም ነበር።

አንድ ቀን በእረፍት ሰዓት ጠራችኝ።

"ነጅሚያ፣ ነጂብ ቤት ውስጥም እንዲህ ይሆናል?"

"እንዴት?"

"ዝም ብሎ ይቀራል? ሲጠሩት አይሰማም?"

ወንድሜን ላሳጣ እንደተጠራሁ ገባኝ። "አይሆንም" አልኩ። "ቤት ውስጥ ጨዋ ነው።"

ዓይኔን ትንሽ አየችኝና "እሺ፣ ሂጂ" አለችኝ። ያን ሳምንት ቤት ውስጥ ሁለት ጊዜ ሆኗል። አንዱ የአሹቅ ሰሃን ላይ፣ አንዱ አባባ እየሰገደ።

በመጋቢት መጀመሪያ፣ እሑድ ከሰዓት፣ መምህርት ፈንታነሽ ሱቃችን መጣች። እኔ ከመቁረጫው ጠረጴዛ ሥር ቁልፍ እየለቀምኩ ነበር። ጫማዋን አየሁ፤ የተቆራረጠ ጥቁር ጫማ፣ ጭቃው በእንጨት የተፋቀ። አባባ የስፌት መኪናውን መርገጥ አላቆመም። መኪናው ሲጮህ ግማሹ ንግግር ያመልጠኛል፣ ሲያርፍ እሰማለሁ።

"ጋሽ ሰዒድ፣ ልጅዎ ባለጌ አይደለም።"

"ባለጌ ነው፣ መምህርት። እኔ አባቱ አውቀዋለሁ። ይቅጡት፤ አልቃወምም።"

መኪናው ጮኸ።

"...አሥራ አንድ ጊዜ ጽፌዋለሁ። ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ ምን ያህል እንደቆየ። ሐሙስ ዲሲፕሊን ኮሚቴው ሲቀመጥ የማቀርበው ደብተሩን ነው።"

መኪናው ቆመ። "ምን ብለው ጻፉት?"

ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ አንድ ነገር አለች። አልሰማሁትም።

"ያን ቃል ሁለተኛ እዚህ ቤት አይጥሩት" አለ አባባ። "ሴት ልጅ አለችኝ።"

መኪናው እንደገና ጮኸ፤ ቀጥሎ የሰማሁት "ባሕር ዳር ይውሰዱት" የሚለውን ነበር። ተጨማሪ አላስፈለገኝም። አንዲት የክፍላችን ልጅ አስቸጋሪ ልጆች ባሕር ዳር የሚታሰሩበት ቤት እንዳለ ነግራን ነበር። ጓዳውን ከሱቁ በሚለየው መጋረጃ ሥር የእማዬ እግር ይታየኛል። ሻይ ይዛ ነበር፤ ብርጭቆው ከሰሃኑ ጋር ይንቀጫቀጫል። ግን አልገባችም።

"ሴት ልጅ አለችኝ" ያለው እኔን ነው። የአባባ እህት ሐሙሲት ከተማ ተድራ ነበር፤ ያው በሽታ ነበረባትና ባሏ በሁለተኛ ወሯ ለአባቷ መለሳት። ከዚያ በኋላ ሁለቱን ታናናሽ እህቶቿን ለማግባት የጠየቀ ሰው አልመጣም። አባባ ልጁን ባለጌ አስብሎ ቤቱን ሊጠብቅ ነበር የወሰነው። ይህን የነገረችኝ እማዬ ናት፤ እሱ ራሱ እስከ ቀብሩ ድረስ አንድም ቀን አላነሣውም።

ሐሙስ ደረሰ። ኮሚቴው ከሰዓት ነው የሚቀመጠው። ያን ሳምንት ሰሌዳ የማጥፋት ተራው የኔ ነበርና በእረፍት ሰዓት ክፍል ውስጥ ብቻዬን ቀረሁ። መምህርት ፈንታነሽ ቦርሳዋን ትታ ወጥታ ነበር። አረንጓዴውን ደብተር ሹራቤ ውስጥ ከትቼ ወደ ሴቶቹ ሽንት ቤት ገባሁ። ሳላየው ልጥለው አልፈለግኩም። ከፈትኩት።

የካቲት 23። 3፡40። ሒሳብ። ተነሥቶ እስከ በር ሄደ። ጠራሁት፣ አልሰማም። 1 ደቂቃ ከ30። ሲመለስ የት እንዳለ ጠየቀ።

የካቲት 26። 4፡15። አማርኛ። ቁልፉን በጠሰ። ያለቅሳል፣ ግን እንባ የለም። 2 ደቂቃ። ከዚያ እንቅልፍ።

ገጹ ሁሉ እንዲህ ነው። አንድም ጥፋት አልቀራትም። የበጠሰውን ቁልፍ እንኳ ጽፋዋለች! ደብተሩን ጉድጓዱ ውስጥ ጣልኩት። ተመልሼ ሰሌዳውን አጥፍቼ ጨርሼ ስወጣ ደስ ብሎኝ ነበር።

ከሰዓት በኋላ ከርእሰ መምህሩ ቢሮ ጀርባ፣ ካርቶን የተለጠፈበት መስኮት ሥር ተቀመጥኩ። በስንጥቁ አባባን አየዋለሁ፤ ኮፍያውን አውልቆ ጉልበቱ ላይ አድርጓል። ነጂብ አጠገቡ ቆሟል። መምህርት ፈንታነሽ ቦርሳዋን ጠረጴዛ ላይ ገለበጠችው። ጠመኔ፣ ቀይ እስክርቢቶ፣ የታጠፈ ነጠላ። ወጥታ ወደ ክፍል ስትሮጥ አየኋት። ባዶ እጇን ተመለሰች።

"ጽፌው ነበር" አለች። "ዛሬ ጠዋት ቦርሳዬ ውስጥ ነበር።"

"መምህርት" አሉ አቶ ዘውዱ፣ "የስፖርት መምህሩ ቃሉን ሰጥቷል። የተሰበረው መስታወት እዚህ ቁጭ ብሏል። የርስዎን በቃል ብቻ እንዴት አድርጌ ልቀበል? ልጁ ታሞ ከሆነ አባቱ ይንገሩን።"

"ጋሽ ሰዒድ፣ አንድ ቃል ይበሉ" አለች። ድምፅዋ ሲሰበር የሰማሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው። "አንድ ቃል ብቻ።"

አባባ ኮፍያውን አገላበጠው።

"ልጄ ጤነኛ ነው" አለ።

ነጂብ ለአንድ ዓመት ተሰናበተ። እኔ ግራ ተጋባሁ። ክሱ ጠፍቶ እንዴት ተፈረደበት? ደግሞስ የምትከሰው እሷ ሆና ለምን ታለቅሳለች? ስለተሸነፈች ነው ብዬ ነገሩን ዘጋሁት፤ ሊሆን የሚችለው እሱ ብቻ ነበር።

በማግስቱ ጠዋት ክፍል ገብታ ሰሌዳው ፊት ቆመች።

"ደብተሬን የወሰደ ልጅ ካለ ይመልስልኝ። አልቀጣም፤ ስሙንም አልጠይቅም። ጠረጴዛዬ ላይ ያስቀምጠው።"

ሰማንያ ልጅ ዝም አለ። እኔም ከሰማንያው አንዷ ሆኜ ዝም አልኩ። ሳምንቱን ሙሉ ጠረጴዛዋን ባዶ ትታው ትወጣ ነበር።

ነጂብ ሱቅ ዋለ። መጀመሪያ ደስ ያለው መሰለኝ። ኋላ ግን ጠዋት ደወል ሲደወል በሩ ላይ ወጥቶ ይቆም ጀመር፤ ሰልፉ አልቆ ግቢው ዝም እስኪል ይቆማል። ከትምህርት ቤት ስመለስ ደብተሬን ተቀብሎ የዕለቱን ይገለብጣል፣ የኔን ስሕተት ጭምር። አባባ ልብስ መተኮስ አስተማረው። በሰኔ፣ ዝናብ ቆርቆሮውን እየደበደበው ሳለ፣ የከሰሉን ካውያ እንደያዘ ሄደ። ካውያውን ግራ ክንዱ ላይ አስቀምጦ ቆመ። ሽታው ነው መጀመሪያ የደረሰን። እማዬ ከጓዳ ስትደርስ አልጮኸም ነበር፤ የጮኸው ሲመለስ ነው።

ቁስሉ ትንሽ እንደደረቀ እማዬ ሐሙሲት እህቷን ልትጠይቅ እንደምትሄድ ተናገረች። ነጂብን ትወስደዋለች። እኔ ጥቅሉን ተሸክሜ እስከ መናኸሪያው ሸኘኋቸው። ሚኒባሱ ውስጥ፣ ከሹፌሩ ኋላ፣ መምህርት ፈንታነሽ ተቀምጣ ነበር። ለእማዬ ቦታ ለቀቀችላት። ነጂብን አቅፋ አጠገቧ አስገባችው። ረዳቱ "ባሕር ዳር! ባሕር ዳር!" ይላል።

በሩጫ ሱቅ ደረስኩ። ትንፋሼ ተቆርጦ ነበር።

"አባባ! መምህርቷ ነጂብን ባሕር ዳር ወሰደችው! እማዬ አብራ ናት! አታላት ነው!"

አባባ መርፌው ላይ ክር እያስገባ ነበር። ክሩን ለቀቀው። መኪና ተራው ሩቅ አይደለም፤ ቢነሣ ይደርስባቸዋል፤ ባይደርስ እንኳ ስልክ ያለው ሰው ጎረቤት አለ። ተነሣ። እስከ በሩ ሄደ። ዝናቡን አየ። ከዚያ ተመልሶ ተቀመጠ።

"ሐሙሲት ነው የሄዱት" አለኝ።

"አባባ፣ አየሁ እኮ!"

"ሐሙሲት ነው የሄዱት፣ ነጅሚያ። ሰው ከጠየቀሽም እንዲህ ነው የምትዪው።"

ክሩን እንደገና ለማስገባት ብዙ ሞከረ። በመጨረሻ እኔ አስገባሁለት።

በሦስተኛው ቀን እንክብል ይዘው ተመለሱ። አባባ የት እንደቆዩ አልጠየቀም። እራት በልተን እጅ ስንታጠብ ብቻ፣ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ፣ "በቀን ስንት ጊዜ ነው የሚወስደው?" አለ።

"ሁለቴ" አለች እማዬ። "ጠዋትና ማታ።"

"ማታውን እኔ እሰጠዋለሁ" አለ አባባ። እስኪሞት ድረስ የማታውን እሱ ሰጠው።

በመስከረም መምህርት ፈንታነሽ የባሕር ዳሩን ሐኪም ወረቀት ይዛ አቶ ዘውዱ ቢሮ ገባች። አቶ ዘውዱ ወረቀቱን ሁለት ጊዜ አነበቡት። እማዬ አብራት ስለነበረች ያሉትን ሰምታለች፤ "ይህን የሚመስል ነገር ያኔ ብታሳዩኝ ኖሮ አላሰናብተውም ነበር" አሉ። የቀረውን የቅጣት ጊዜ ሰርዘው ፈረሙ። ነጂብ ሦስተኛን እንደገና ጀመረ፤ እኔ አራተኛ ሆንኩ። መምህርቷ አጠገቡ የሚቀመጥ አስተዋይ ልጅ መርጣ ምን ማድረግ እንዳለበት አስተማረችው፤ ነጂብ ፈተና ላይ ሲሄድ የጠፋውን ደቂቃ ቆጥራ ትጨምርለታለች። ሌሎቹን መምህራን እረፍት ሰዓት ላይ አንድ በአንድ ስታስረዳቸው ሰነበተች። የስፖርት መምህሩ አንድ ቀን ሱቅ ድረስ መጥቶ አባባን ሱሪ አሰፋ፤ ሱሪ የሚያስፈልገው አይመስለኝም። መድኃኒቱ ሲስማማው በሳምንት አራት ጊዜ የነበረው በወር አንዴ ሆነ። ነጂብ አሥረኛን ጨረሰ። ዛሬ ሱቁ የእሱ ነው፤ የሁለት ትምህርት ቤት ዩኒፎርም ይሰፋል።

ደብተሩ ምን እንደነበረ የገባኝ በአሥራ ስድስት ዓመቴ ነው። እማዬና እኔ መድኃኒቱን ልናመጣ ስንሄድ መንገድ ላይ ታወራኝ ነበር።

"ያ ደብተር ባይጠፋ ልጄ ሱቅ አይውልም ነበር። ክንዱም አይቃጠልም ነበር" አለች። "የወሰደውን ሰው አላህ ይይለት።"

አብሬያት መራመዴን ቀጠልኩ። ከዚያ በኋላ ለዓመታት፣ ነጂብ እጅጌውን ጠቅልሎ ሲሠራ፣ በግራው በኩል አልቀመጥም ነበር። መምህርት ፈንታነሽ ወደ እብናት ተዛውራ ከሄደች ቆይታለች። ስልኳ አለኝ። እስካሁን አልደወልኩም።

ለነጂብ የነገርኩት አምና ነው። የሐሙሲቷን ነስሪንን ሊያገባ ነበር፤ ኒካሑ ሳይታሰር በፊት ስለ በሽታው እነግራታለሁ ብሎ ቁርጥ አድርጎ ነበር። እኔም ከእሱ በፊት የኔን ልናገር ብዬ ሱቅ ሄድኩ። ቆሜ ተናገርኩ፣ ከመጀመሪያው እስከ ሽንት ቤቱ። መቀሱን አስቀምጦ ሰማኝ። ይቆጣል ብዬ ጠበቅኩ፤ ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር።

"ምን ተጽፎበት ነበር?" አለኝ።

"የምትሆነው ሁሉ። ሰዓቱ፣ ቀኑ..."

"ምን ምን እሆናለሁ?"

ሃያ ስምንት ዓመት ሊሞላው ነበር። እማዬ አይታለች፣ አባባ አይቷል፣ ሐኪሙ ጠይቆናል፣ እኔ መስታወት ፊት ቆሜ አስመስዬዋለሁ። ለእሱ ለራሱ ግን ቁጭ ብሎ የነገረው ሰው አልነበረም። እንዳናሳዝነው ብለን።

"ለነስሪን ምን ብዬ እንደምነግራት ሳስብ ነው የሰነበትኩት" አለ። "አንቺ ንገሪያት።"

በሳምንቱ ሦስታችን ሱቁ ውስጥ ተቀመጥን። ነስሪን ከእኔ ታንሳለች፤ ሐሙሲት መንገድ ዳር የእህል ሱቅ አላቸው፤ ነገር ቀጥ አድርጋ የምትጠይቅ ልጅ ናት። እኔ ነገርኳት። ዓይኑ እንዴት አንድ ቦታ እንደሚቀር፣ ከንፈሩን፣ ቁልፉን፣ ተነሥቶ እንደሚሄድ። ነጂብ ከእሷ በላይ አንገቱን አስግጎ ያዳምጥ ነበር።

"ያማል?" አለች።

"እሱ አያውቀውም።"

"ልያዘው?"

"አትያዢው። እሳት ወይ መኪና ካለ ብቻ ከፊቱ ቁሚ። ሲመለስ ግራ ይገባዋል፤ የት እንዳለ ቀስ ብለሽ ንገሪው።"

ፊቷ ላይ ፍርሃት አላየሁም፤ አልነበረም ለማለት ግን አልደፍርም። ከዚያ ወደ ነጂብ ዞረች።

"ይህን ሁሉ አንተ ራስህ ለምን አልነገርከኝም?"

"እዚያ አልነበርኩማ" አላት።